«ሜጀር» ብዬ የሰየምኩት ፈንክሽን በሲስተም ሄደር ለምን ስሙ ተለወጠ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የቨርዥን ቁጥሮችን የሚያነጻጽር አነስተኛ የሲ ላይብረሪ እየጻፍኩ ነው። በሄደሬ (የፈንክሽኖቹ ማስታወቂያ በተጻፈበት ፋይል) ውስጥ የጽሑፍ ፖይንተር ተቀብለው ኢንት የሚመልሱ «ሜጀር» እና «ማይነር» የተባሉ ፈንክሽኖች አሉ። በላፕቶፔ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል የሚሆነው ኮድ፣ በምሠራበት ቦታ ባለ የቆየ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን «ጂኤንዩ_ዴቭ_ሜጀር» ለሚባል ስም የሚጋጩ ታይፖች (የዳታ ዓይነቶች) ተሰጥተዋል ብሎ ይቆማል። እንዲህ ያለ ስም የትም አልጻፍኩም፤ ያስገባሁትም ኤስቲዲሊብ የተባለውን የሲ መደበኛ ሄደር ብቻ ነው። ታይፔንም «ቨርዥን_ቲ» ብየዋለሁ፤ ይህስ ችግር ያመጣ ይሆን?

መልስ 1

ስሙን የለወጠብዎ ፕሪፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ከኮምፓይል በፊት የኮዱን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። በቆዩት የግሊብሲ (በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ቨርዥኖች ኤስቲዲሊብ ሲስ/ታይፕስ የተባለውን ሄደር ያስገባል፣ እሱ ደግሞ የመሣሪያ ቁጥርን የሚከፋፍሉት ሜጀርና ማይነር የተባሉ ማክሮዎች (ፕሪፕሮሰሰሩ በሌላ ጽሑፍ የሚተካቸው ስሞች) ያሉበትን ሲስ/ሲስማክሮስን አስከትሎ ይመጣል። ማክሮዎቹ ቅንፍ የሚከተላቸውን ስም ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይተካሉ፤ ሜጀር የሚባል ተራ የስትራክት (በርካታ ዳታን በአንድ የሚይዝ ታይፕ) አባል ያላቸው ፕሮግራሞች ሳይነኩ የኖሩትም ከስሙ በኋላ ቅንፍ ስለማይከፍቱ ነው። ይህ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የግሊብሲ ቨርዥን 2.25 እንደሚቀር ተነገረ፣ በ2018 በወጣው 2.28 ደግሞ ቀረ፤ ላፕቶፕዎ ከዚያ ወዲህ የወጣውን ይዞ መሆን አለበት።

በሄደርዎ ውስጥ አንዴፍ በማድረግ (የማክሮን ትርጉም በሚሰርዘው ትእዛዝ) ማክሮውን ለማጥፋት እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ። የላይብረሪዎ ተጠቃሚ ከእርስዎ ሄደር በኋላ ሲስ/ሲስማክሮስን ቢያስገባ ማክሮው ተመልሶ ይመጣና ጥሪውን ወደ ሌላ ፈንክሽን ይወስድበታል። ስሙን «ቨርኮ_ሜጀር» በሚመስል ቅድመ ቅጥያ ይለውጡት።

መልስ 2

በቀደመው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ታይፑ ልጨምር። ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) በ«_ቲ» የሚያልቁ ስሞችን ለራሱ ይዟል፣ የሲ ስታንዳርድ ደግሞ በሁለት አንደርስኮር የሚጀምሩትን ለኮምፓይለሩና ለሲስተሙ ላይብረሪ ትቷል። ግሊብሲ ራሱ የሚጠነቀቀው በዚሁ ነው፦ የፋይል ርቀትን ታይፕ መጀመሪያ በሁለት አንደርስኮር «__ኦፍ_ቲ» ብሎ ይሰይምና «ኦፍ_ቲ» የሚለውን ስም ስታንዳርዱ በሚፈቅድባቸው ሄደሮች ብቻ ያወጣዋል።

እኔ ብሆን ታይፕዴፉን (ለታይፕ አዲስ ስም የሚያወጣውን መስመር) ትቼ «ስትራክት ቨርኮ_ቨርዥን» እለው ነበር። ስትራክትን በየሄደሩ ደጋግሞ በስሙ ብቻ ማስታወቅ ምንጊዜም ይቻላል፤ አንድን ታይፕዴፍ መድገም የተፈቀደው ግን ከሲ11 (እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው የሲ ስታንዳርድ) ጀምሮ ነው። ከዚያ በቀደመው ስታንዳርድ በሲ99 ጥብቅ ሁኔታ ኮምፓይል ቢያደርጉ ስህተቱ በሰርቨሩ ላይም ይሰወር ነበር፤ ነገር ግን የፖዚክስ ፈንክሽኖችም አብረው ይሰወራሉ፤ እነሱን ለማግኘት ከማንኛውም ኢንክሉድ (ሄደር ማስገቢያ መስመር) በፊት «_ፖዚክስ_ሲ_ሶርስ»ን 200809 ብሎ መወሰን ያስፈልጋል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሰርቨሩ ላይ የፕሪፕሮሰሰሩን ውጤት ብቻ አውጥቼ ስመለከት፣ «ኢንት ሜጀር» ብዬ የጻፍኩበት መስመር «ኢንት ጂኤንዩ_ዴቭ_ሜጀር» ሆኖ አገኘሁት። ፈንክሽኖቹንም ታይፑንም በቅድመ ቅጥያ ሰይሜ፣ ታይፕዴፉን አውጥቼ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ አልፏል።