አርድቤግ 10 ውስኪ ላይ ከጭሱ ሌላ ምንም አልቀምስ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ባህር ዳር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ አርድቤግ 10 አመጣልኝ፣ ያው ከስኮትላንድ አይላ ደሴት የሚመጣው ጭስ ጭስ የሚለው ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራ) ውስኪ፣ አልኮሉ 46 ፐርሰንት፣ ትናንት ማታ ጣና ዳር ዓሳ ጥብስ በልተን ቤት ስንገባ ከፈትነውና ገና አንዴ ስጎነጭለት አዮዲን አዮዲን አለኝ።

ጭሱ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል፣ ብቅሉን ሲያደርቁት ከረግረግ መሬት ተቆርጦ የሚወጣውን ፒት የሚባለውን ነገር ስለሚያነዱበት ነው። እማዬም የጠላ ጋኗን በወይራ ታጥነዋለች እኮ፣ ግን እዚያ ጭሱ ከጌሾው ጋር ተስማምቶ ነው የሚመጣው፣ እዚህ ሁሉን ነገር ዋጠብኝ። ወንድሜ ሎሚ አለው ቫኒላ አለው ይለኛል፣ እኔ ምላሴ ደንዝዞ ቀረ።

ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ደፈረሰ፣ እሱ አያሳስበኝም፣ አቀዝቅዘው ስለማያጣሩት ነው። የቸገረኝ ልኩ ነው፣ ለአንድ መለኪያ ስንት ጠብታ ትጨምራላችሁ? በረዶስ ሽታውን አይገድለውም? አፉ ጠበብ ያለው የቅምሻ ብርጭቆ የለኝም፣ የወይን ብርጭቆ ይሆናል ወይ? ደግሞ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ጠዋት ያልታጠበውን ብርጭቆ አንስቼ ሳሸተው አመዱ ስር የማር ሽታ ነበረው፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ስለዚህ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ እሁድ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ማታ አብረን ልንቀምሰው ነው፣ የምታውቁ እባካችሁ ከዚያ በፊት ንገሩኝ።