ምላሴን የማይለበልብ የፒፓ ትምባሆ የትኛው ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒፓ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። የማጨሰው የቫኒላ ሽታ ያለው ጥቁር ካቨንዲሽ ነው፤ ቆርቆሮውን ስከፍተው ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ስለኩሰው ግን ያ ሁሉ ሽታ የት እንደሚገባ አላውቅም። ግማሹን ሳላደርስ ምላሴ ይለበለባል፣ ፒፓው ውስጥም ውሃ ይንቆረቆራል። ችግሩ የቅጠሉ ነው ወይስ የእኔ? ልቀይር ካልኩስ ከየትኛው ልጀምር?

ሽበት፦
ወንድሜ፣ የሁለታችሁም ነው። እኔም በዚያው በር ገብቼ አንድ ዓመት ሙሉ ምላሴን ስቀቅል ከርሜአለሁ። ሽታ ያላቸው ቅይጦች ማጣፈጫ ይረጭባቸዋል፤ ብዙዎቹ እንዳይደርቁ ፕሮፒሊን ግላይኮልም ይጨመርባቸዋል። እርጥብ ትምባሆ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ አንተም ደጋግመህ ትለኩሳለህ፣ አጥብቀህ ትስባለህ። ምላስህን የሚቀቅለው ትኩሱ እንፋሎት ነው።

ካቨንዲሽ የቅጠል ዘር ሳይሆን የአሠራር ስም ነው፤ ቅጠሉ በሙቀትና በግፊት የሚለሰልስበት። ከስሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ቨርጂኒያ ወይም በርሌይ የሚባል የትምባሆ ዓይነት ነው፣ መጠየቅ ያለብህም ስለዚህ ነው። ቨርጂኒያ በሙቅ አየር ስለሚደርቅ ስኳሩ አብሮት ይቀራል፤ ይጣፍጣል፣ የሚቸኩለውን ሰው ግን ያቃጥለዋል። በርሌይ ጥላ ውስጥ በነፋስ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ስኳሩ ያልቃል። ጣዕሙ ለውዝ ለውዝ ይላል። ለአንተ የምመርጥልህ እሱን ነው፣ ማጣፈጫ ያልበዛበትን። ኒኮቲኑ ከበድ ስለሚል በባዶ ሆድ እንዳትሞክረው፣ ያዞርሃል።

ከመግዛትህ በፊት ግን ያለህን አድርቀህ እየው። ወረቀት ላይ ዘርግተህ ግማሽ ሰዓት ተወው። በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ስትለቀው ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተፈታ ሙላው። አሞላሉን የድሮ አጫሾች «ታቹን በልጅ እጅ፣ መሃሉን በሴት እጅ፣ ላዩን በወንድ እጅ» ይሉታል።

የጭስ ወዳጅ፦
እኔ ላታኪያ ያለበትን እመክርሃለሁ። በእንጨት ጭስ የሚደርቅ ቅጠል ነው፣ ስሙም ከሶርያ ወደብ የመጣ። ከቨርጂኒያና ኦሪየንታል ከሚባለው የቱርክና የአካባቢው ቅጠል ጋር ሲቀየጥ የእንግሊዝ ቅይጥ ይባላል፤ የእኔን ምላስ ነክቶት አያውቅም።

ሽበት፦
እውነት ነው፤ ግን ለላታኪያ የራሱ ፒፓ ይኑረው፣ ጠረኑ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ አይለቅም። ፔሪክን ደግሞ ለኋላ አቆየው። ሉዊዚያና ውስጥ በርሜል ውስጥ ተጨምቆ የሚብላላ ቅጠል ነው፣ እንደ በርበሬ ይቆጠቁጣል።

አንባቢ፦
ጭሱን ወደ ሳንባ አለመሳብ ከአፍ ካንሰር አያድንም። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለህ ቅይጥ ከመቀየር በፊት ሐኪም ጋ ሂድ።

ጀማሪው፦
ቁስል የለኝም፣ ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጋሼ ሽበት፣ ዛሬ እንዳሉኝ አደረቅኩት። ትናንት ሰባቴ የለኮስኩትን ዛሬ ሦስቴ ብቻ ለኮስኩት፣ ውሃውም ጠፋ። የምላሴ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆጥቁጦኛል። በርሌዩን ስሞክር ተመልሼ እጽፋለሁ።