ማትስ ልሙላ ስታት? ሐሙስ ምርጫ አለብን

ፍሬሿ (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ)፦
ሰላም የግቢ ልጆች። ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። ሐሙስ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ሂሳብ እወዳለሁ፤ ማትስ (ማቲማቲክስ) ልግባ ወይስ ስታት (ስታትስቲክስ)፣ ግራ ገባኝ። የዶርሜ ልጆች «ስታት ግቢ፣ መደመር ብቻ ነው» ይሉኛል። አባዬ ደግሞ ባንክ እንድሠራ ነው የሚፈልገው። ምን ትሉኛላችሁ?

ማትስ 4ኛ ዓመት፦
እህቴ፣ ማትስ የለመድሽው ሂሳብ እንዳይመስልሽ። ካልኩለስ ላይ ታሰያለሽ። ሪያል አናሊሲስና አብስትራክት አልጀብራ ሲመጡ ቁጥሩ ራሱ ይጠፋል፤ «አረጋግጪ» ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሚድ ከ30 ዘጠኝ አመጣሁ። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። «ግን ለምን?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ነይ።

ስታት ተመራቂ፦
«መደመር ብቻ» ያሉሽን ፕሮባቢሊቲ ቲዎሪ ይውሰዱና ያውሩ! ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ እኛም ጋ አሉ። ልዩነቱን በጣና ላሳይሽ። ከሐይቁ አንድ ጥግ ስንት ቆሮሶ ዓሣ እንዳለ ማወቅ ፈለግሽ እንበል። ሁሉንም አትቆጥሪም። በታንኳ ወጥተሽ 200 ትይዣለሽ፣ ምልክት አድርገሽ ትለቂያለሽ። ከሳምንት በኋላ 150 ስትይዢ 3ቱ ብቻ ምልክት አላቸው። ከ50 አንዱ ብቻ ምልክት አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ምልክት ያደረግሽባቸው 200ዎቹም ከጠቅላላው ከ50 አንድ ናቸው ብለሽ ትገምቻለሽ። 200 በ150 አባዝተሽ ለ3 ስታካፍዪ 10,000 ነው። የማትስ ልጅ ቀመሩ ከየት መጣ ይላል። የስታት ልጅ «በአጋጣሚ 2 ቢሆንስ ኖሮ?» ይላል። 15,000 ይሆን ነበራ! 4 ቢሆን 7,500። ምልክቱ ወልቆ ቢሆንስ? ዓሣው ከጥጉ ወጥቶ ቢሄድስ? ይሄ ጥርጣሬ ከጣመሽ ስታት ያንቺ ነው።

መምህር ነኝ፦
ልጄ፣ ስለ ባንኩ ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ከሁለቱም ተመርቀው ባንክ የገቡ አሉ። ስታት ግን በጤና ምርምር፣ በመንግሥት ስታቲስቲክስ ሥራና በፕሮጀክት ክትትል ቀጥታ ይፈለጋል። ማትስ ማስተማር ለሚወድ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪም ላሰበ እንዲሁ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለ የትኛውንም ብትመርጪ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። የኮርስ ዝርዝሩን ከሁለቱም ቢሮ ሐሙስ ሳይደርስ ጠይቂ። አር ወይም ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች ናቸው) ደግሞ ከአሁኑ ጀምሪ።

ፍሬሿ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዓሣውን ሞከርኩት፤ ምልክት ያለው 1 ብቻ ቢገኝ 30,000 አለኝ። ዜሮ ቢሆንስ? ለዜሮ አይካፈል!

ስታት ተመራቂ፦
ጎበዝ! ሦስቱም ቁጥሮች ላይ 1 ትጨምሪያለሽ፤ ዜሮው 1 ሆነ ማለት ነው። 201 በ151 አባዝተሽ ለ1 ታካፍያለሽ፣ መጨረሻ ላይ 1 ትቀንሻለሽ፤ 30,350። የቻፕማን ማስተካከያ ይባላል። ልጅቷ የኛ ነች።

ማትስ 4ኛ ዓመት፦
ቆይ እንጂ! ለምን 1 እንደሚጨመር ሳትጠይቂው እንዳትሞዪ።

ፍሬሿ፦
ለምንድን ነው?

ማትስ 4ኛ ዓመት፦
አየህ? የኛ ነች።