ከአሜሪካ የመጣ የቤት አላርም፦ ቮልቱ ተስማምቷል፣ ዋቱስ?

ጥያቄ (ከአያት ሰፈር፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ለእናታችን ቤት የሚሆን የሌባ ማስጠንቀቂያ አላርም፣ ሁለት የጭስ ማንቂያዎችና አንድ የክፍል ማሞቂያ ይዛ መጥታለች። የአላርሙ ዋና ሳጥን የሚሠራው በአዳፕተር ሲሆን፣ አዳፕተሩ ላይ መግቢያው 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ መውጫው ደግሞ 12 ቮልት ዲሲ፣ 1 አምፔር እንደሆነ ተጽፏል። የጭስ ማንቂያዎቹ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላሉ፤ ማሞቂያው 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ነው። ሳጥኑን ሰክቼው ያለ ችግር ሠርቷል፤ ነገር ግን ከመርካቶ ገዝቼ ያገናኘሁት 12 ቮልት፣ 15 ዋት የውጭ ሳይረን መጮህ ሲጀምር የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድምፁም ወዲያው ይደክማል። ቮልቱ እኩል ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ይሆናል? የቀሩትን ዕቃዎችስ መሰካት እችላለሁ?

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አዳማ)

ከሁሉ አስቀድመው ማሞቂያውንና የጭስ ማንቂያዎቹን በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩ አደራ እላለሁ። የእኛ አገር የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በማሞቂያ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ሲጨምር የኤሌክትሪክ ጅረቱም (አምፔሩ) አብሮ ስለሚጨምር፣ ኃይሉ ከቮልቴጁ ጭማሪ እጅግ በፈጠነ ልክ ያድጋል፤ 220 ለ120 ሲካፈል 1.83 ገደማ ነው፣ ይህ በራሱ ሲባዛ 3.36 ይሆናል፤ ስለዚህ 1,500 ዋት የተባለው ማሞቂያ እዚህ ቢሰካ ከ5,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ይህም ከእንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የምትሸጠው የሶኬት መቀየሪያ የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አትለውጥም፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ሳይረኑ ስንመጣ፣ በአዳፕተርና በዕቃው መካከል እኩል መሆን ያለበት ቮልቱ ነው። አምፔሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ሲሆን፣ ዕቃው ከዚያ ውስጥ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የእርስዎ አዳፕተር 12 ቮልት ሲባዛ በ1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ብቻ ይሰጣል። ሳይረኑ ብቻውን 15 ዋት፣ ይኸውም 1.25 አምፔር ይፈልጋል፤ የሳጥኑ የራሱ ፍጆታ ሲጨመርበት አዳፕተሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚጠየቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መብራቱም ይርገበገባል። ሳይረኑ ዝም ባለበትና በሚጮህበት ጊዜ የሳጥኑን መግቢያ በቴስተር ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉልን። የሳጥኑ መመሪያ ስለ ሳይረን ማገናኛው የሚለውንም ይመልከቱ።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የጭስ ማንቂያዎቹን በተመለከተ፣ እዚህ ያሉ ብዙ ቤቶች ማንቂያውን ከጣሪያው የ120 ቮልት መስመር ጋር ያገናኙታል፤ ውስጡ ያለው ባትሪ መብራት ሲጠፋ ብቻ እንዲያገለግል የተቀመጠ ነው። ትራንስፎርመር (220 ቮልቱን ወደ 120 የሚያወርድ መሣሪያ) ገዝቶ ቀን ከሌት ለሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ከማሠራት ይልቅ፣ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ማንቂያ መግዛት የተሻለ ነው፤ ይህ ዓይነቱ የአገሩ ቮልቴጅ ምንም ቢሆን አያስጨንቀውም። ሲገዙ ጀርባው ላይ የታተመውን የተመረተበትን ቀን ይዩ፤ ከ10 ዓመት በኋላ መቀየር አለበትና። እንጀራ ከሚጋገርበትና ቡና ከሚቆላበት ቦታ ራቅ አድርገው ይስቀሉት፤ አለዚያ በየቀኑ ሲጮህ ቤተሰቡ ተሰላችቶ ባትሪውን ያወጣዋል፣ ያን ጊዜ ማንቂያው ከሌለ አይሻልም። የከሰል ጭስ አልባ መርዝ፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በጭስ ማንቂያ እንደማይታወቅም ለእናትዎ ይንገሯቸው፤ ለእሱ ራሱን የቻለ ማንቂያ ያስፈልጋል።

ለማሞቂያው ከ2,000 ዋት የማያንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ፤ እሱን ከመግዛት 220 ቮልት ማሞቂያ እዚያው መግዛት ይበጃል።

መልስ (ከሐዋሳ)

አንድ ነገር ልጨምር። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ 180 ቮልት ድረስ ቢወርድ እንኳ፣ 100–240 የሚለው አዳፕተር ሥራውን አያቋርጥም። የሚያሰጋው ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍታ ነው፤ ስለዚህ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ከአዳፕተሩ በፊት ቢያስገቡ ጥሩ ነው።

ተጨማሪ (ከጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳይረኑ ዝም ሲል 12.1 ቮልት፣ ሲጮህ 9.4 ቮልት አገኘሁ። መመሪያው የሳይረን ማገናኛው ከ500 ሚሊአምፔር (ግማሽ አምፔር) በላይ እንዳይጫንበት ይላል። የ2 አምፔር አዳፕተር ብገዛ ይበቃል?

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አዳማ)

አይበቃም፤ እንዲያውም አዳፕተሩን ብቻ ቢቀይሩ 1.25 አምፔር በዚያ ማገናኛ ውስጥ እንዲያልፍ ስለሚፈቅዱለት የሳጥኑን ሰርኪውት ሊያቃጥሉት ይችላሉ። 500 ሚሊአምፔር በ12 ቮልት 6 ዋት ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ከ6 ዋት ያነሰ ሳይረን መቀየር ነው። እኔ ብሆን ይህንን እመርጣለሁ፤ አዳፕተሩ ግን 12 ዋት ብቻ ስለሚሰጥ ሳጥኑ ራሱ ስንት ዋት እንደሚወስድ ከመመሪያው አይተው ከሳይረኑ ጋር ይደምሩት።

የ15 ዋቱን ሳይረን ማቆየት ከፈለጉ ማገናኛው 12 ቮልት ሪሌይ (በትንሽ ጅረት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉና ሳይረኑ ከሌላ ምንጭ ይመገብ። ምንጩ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢሆን 84 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ይህም መብራት በጠፋበት ሌሊት ለሳይረኑ ከበቂ በላይ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀር ለእርሳስ ባትሪ የተሠራና 13.8 ቮልት አካባቢ የሚሰጥ ይሁን፤ ተራ የ12 ቮልት አዳፕተር በቅጡ አይሞላውም። ከባትሪው ፖዘቲቭ በሚወጣው ሽቦ ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ቅርብ አድርገው ያስገቡ።