አስቸኳይ፦ የነጥብ ሰንጠረዤ 500 መሆን ሲገባው 485 ላይ ቆመ

የማታ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት የማስገባው ሥራ አለብኝ፤ ሰንጠረዡ ግን አልገጥም ብሎኛል። አራት ጊዜ ደመርኩት፤ አራቱንም ጊዜ 485። ስድስቱም ክፍሎች አሉ፦ 125፣ 70፣ 47፣ 138፣ 50 እና 55። የጎደለው የቱ ጋ ነው? ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተኝቷል፤ የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ሒሳብ ሹም፦ የተደበቀ ረድፍ ይኖራል። ኤክሴሉን በሙሉ ምረጪና የተደበቀውን ግለጪው።

ቡና ጠጪ፦ ስድስት ሰዓት በእኛ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ እኮ ተኝተሽ ትነሺበታለሽ።

የማታ ተማሪ፦ በእኛ ነው! የተደበቀ ረድፍም የለም፤ አሁን አየሁት።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ የምን ነጥብ እንደሆነ ሳትነግሪን እንዴት እናግዝሽ? የፈተና ነው? የጨረታ ነው?

የማታ ተማሪ፦ ይቅርታ ጋሼ፤ ጥድፊያ ነው። ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የትምህርት አስተዳደር ማስተርስ እማራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ግዛት ትምህርት መሥሪያ ቤት እንደሆናችሁ ቁጠሩና የ‹ሬስ ቱ ዘ ቶፕ›፣ ማለት የፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ማሻሻያ ገንዘብ ግዛቶችን በነጥብ ያወዳደረበትን፣ ማመልከቻ አዘጋጁ ተብለናል። ለእኔ በዕጣ ኒው ጀርሲ ደረሰኝ። የቀረኝ የነጥብ ሰንጠረዡ ብቻ ነው። በጀቱን 400 ሚሊዮን ዶላሩን በሙሉ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት መድቤ ጨርሻለሁ።

ጋሽ መምህር፦ ኒው ጀርሲ! ከሁሉም ግዛት ይህችን ማውጣትሽ! እንግዲያው ስሚኝ። ኢኮኖሚው ሲወድቅ በ2009 በወጣው የማነቃቂያ ሕግ ውስጥ ለዚህ ውድድር 4.35 ቢሊዮን ዶላር ተያዘ። ከዚያ በፊት ግዛቶች የለመዱት በቀመር የሚከፋፈል ገንዘብ ነበር፤ የትምህርት ሚኒስትሩ አርኒ ደንከን ግን የተሻለ የማሻሻያ ዕቅድ ያመጣ ይውሰድ አሉ። በመጀመሪያው ዙር 40 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ አመለከቱ፤ ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዴላዌርና ቴነሲ። ሁለቱም በየዲስትሪክቱ (በየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር) ያሉትን የትምህርት ኃላፊዎችና የመምህራን ማኅበራት አስፈርመው ነበር የቀረቡት። ኒው ጀርሲ በሁለተኛው ዙር 437.8 አመጣች፤ ካለፉት የመጨረሻዋ ኦሃዮ 440.8። ሦስት ነጥብ! ከአንድ ጥያቄ ብቻ 4.8 ነጥብ ተቀንሶባታል። የተጠየቀው ትምህርት በ2008 እና በ2009 ከግዛቱ በጀት የነበረው ድርሻ ሲሆን እነርሱ የ2010 እና የ2011ን ጻፉ። ገዥው የትምህርት ኃላፊውን አባረሩ። ስለዚህ ከመደመርሽ በፊት ጥያቄውን እንደገና አንብቢ።

የማታ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን አውቀዋለሁ። 15 ነጥብ ነው የጠፋኝ።

ሒሳብ ሹም፦ የተደበቀ ረድፍ ካልሆነ የተደበቀ ዓምድ ነው።

ዝም አልልም፦ እኔን የሚገርመኝ 15ቱ ሳይሆን 500ው ነው። የልጆች ትምህርት በምን ሒሳብ ለውድድር ይቀርባል? አማካሪ መቅጠር የቻለ ግዛት ጽሑፉን ያሳምራል፣ ያልቻለ ይወድቃል። ኮሎራዶን ተመልከቱ፤ በ2010 የመምህራንን ምዘና ከተማሪ ውጤት ጋር የሚያያዝ ሕግ አወጣች፣ መምህራኗ ተቆጡ፣ ከዚያም በዚያው ክረምት በውድድሩ ወደቀች። ሕጉ ጸና፣ ገንዘቡ ግን አልመጣም። እህቴ፣ ሥራሽን ብትቀይሪና ይህንን ብትጽፊ ይሻልሻል።

የማታ ተማሪ፦ ለመቀየር ሦስት ሰዓት ነው ያለኝ።

ሀገር ቤት ያለሁ፦ ጎንደር አካባቢ ርእሰ መምህር ሳለሁ የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው የሚደርሰን በተማሪ ቁጥር ነበር። ማንም አያወዳድረንም። ግን ስንት ተማሪ አለ የሚለው ራሱ ውድድር ሆነ! መስከረም ላይ ተመዝግቦ ኅዳር ላይ አጨዳ የሄደው ልጅ ከመዝገብ አይሰረዝም። ጸሐፊያችን ስም በጠራች ቁጥር ቀና ብላ ታየኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ መስኮቱን አያለሁ። በቀመር ሲሰጥ ንጹሕ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ያች ጸሐፊ ትዝ ትለኛለች።

ዝም አልልም፦ እሱ የቁጥጥር ችግር ነው፤ የቀመር አይደለም። ደግሞስ ኮሎራዶ ኋላ አገኘች እንዳትሉኝ፤ በ2011 መጨረሻ ሰባት ግዛቶች 200 ሚሊዮን ተቃመሱ፣ ኒው ጀርሲም ከነርሱ አንዷ ናት። ለሰባት!

ቡና ጠጪ፦ እኅታችን በጀቱን ጨርሻለሁ ያለችውን ማንም አላየም እንዴ? 400 ሚሊዮኑን መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ከዋጠው ዲስትሪክቶቹ ምን ሊያገኙ ነው የሚፈርሙልሽ፣ ቡና? ቢያንስ ግማሹ ለሚሳተፉት ዲስትሪክቶች ነው የሚወርደው፤ ያውም በታይትል 1 (ለድሃ ተማሪዎች በሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ) ድርሻቸው ልክ፣ ማለት ድሃ ተማሪ በበዛበት ብዙ። ቀልድ አይደለም ይሄኛው።

የማታ ተማሪ፦ ወይኔ። እሺ፣ 200ውን ለዲስትሪክቶች እያወረድኩ ነው። 15ቱስ?

ሒሳብ ሹም፦ በየክፍሉ በትነሽ ጨምሪያት። ለሦስቱ ክፍሎች አምስት አምስት።

የዲስትሪክት ሠራተኛ፦ አትበትኚ! 15ቱ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርት ቅድሚያ ነው። የራሱ ምዕራፍ ስለሌለው ነው ያላየሽው፤ ገምጋሚዎቹ ማመልከቻውን ዳር እስከ ዳር አንብበው ይወስናሉ። ደግሞ ከፊሉን ቆርሰው አይሰጡም፤ ወይ 15 ወይ ዜሮ። ስለዚህ ከስድስቱ ክፍሎች በታች አንድ ረድፍ ጨምሪ። ከዚያ በየክፍሉ ተመለሽና ማስረጃሽ መኖሩን እይ፦ በመምህራን ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን እጥረት፣ በመረጃ ሥርዓቱ ክፍል የእነዚህን ትምህርቶች ውጤት የምትከታተይበት መንገድ። አንዱ ክፍል ዝም ካለ ገምጋሚው ዜሮ ቢሰጥሽ አልፈርድበትም።

ጋሽ መምህር፦ ልክ ነው። እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።

ቡና ጠጪ፦ ጋሼ በ2009 ስለጀመሩ ነው የዘገዩት።

የማታ ተማሪ፦ አመሰግናለሁ፣ ረድፉን ጨመርኩ። ግን አሁን 515 መጣብኝ!!

የዲስትሪክት ሠራተኛ፦ ሒሳብ ሹም ያሉሽን አምስት አምስት አጥፍተሻል?

ሒሳብ ሹም፦ እኔ አንዱን መንገድ ነው ያልኩት፣ ሁለቱን አላልኩም።

የዲስትሪክት ሠራተኛ፦ የጨመርሻቸውን ሦስቱን አምስቶች አንሺ፤ 125፣ 70፣ 47፣ 138፣ 50፣ 55፣ 15፤ በቃ። የጋሽ መምህርንም ምክር አትናቂ፤ የ2008 እና የ2009 የበጀት ድርሻ መግባቱን አረጋግጪ። መምህርሽ ኒው ጀርሲን ዕጣው ውስጥ የጨመረው በከንቱ አይመስለኝም።

ቡና ጠጪ፦ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። እኅታችን፣ አስገባሽ?

ሒሳብ ሹም፦ ሕፃኑ ነቅቶ ይሆናል።