የጥላሁን ኮት ነው ብሎ ሸጠልኝ፤ እንዴት ላረጋግጥ? (ጅማ)

ጥያቄ፦ የሐሙስ ገበያተኛዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሳልባጅ ስመርጥ አንድ ጥቁር የከፈይ ኮት አገኘሁ። ኮሌታው ሰፊ ነው። ገበሩ ቀይ ሳቴን ነው። ቁልፎቹ ዘውድ የጫነ አንበሳ የተቀረጸባቸው ቢጫ ብረቶች ናቸው፣ ስድስት ናቸው። ሻጩ "እህቴ፣ ይሄ እኮ የጥላሁን ገሠሠ ነው። ክብር ዘበኛ እያለ መድረክ ላይ የለበሰው" አለኝ። 3,000 ብሎ ጀምሮ በ900 ብር ሰጠኝ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጥላሁንን ሳይሰማ አይተኛም ነበር። ስለዚህ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። አሁን ሻጩ "ከዚያው ቤት የወጣ ሸሚዝ አለኝ፣ 6,000 ብር፣ እስከ ሐሙስ ይዤልሻለሁ" ብሎኛል። 6,000 ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ኮቱ እውነት መሆኑን በምን ላውቅ? ሸሚዙንስ ልግዛ? የታዋቂ ሰው ልብስ ጅማ ውስጥ በእውነት የሚገኝ ከሆነስ የት ልፈልግ?

መልስ፦ ቦንዳ ፈቺው

እህቴ፣ እኔ ሳልባጅ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቂው፦ "ይሄ ከቦንዳ የወጣ ነው ወይስ ከልዋጭ?" በይው።

ከቦንዳ ነው ካለሽ ታሪኩ እዚያው አበቃ። ቦንዳ ከውጭ የሚመጣው ተለይቶ፣ ተጨምቆ፣ ታስሮ ነው። ኮት ከኮት፣ ሸሚዝ ከሸሚዝ ጋር። ከማን ቁም ሣጥን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው በመንገዱ ላይ አንድም አይቀርም። ደግሞ አዲስ አበባ የኖረ ዘፋኝ ልብስ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ በቦንዳ ተመልሶ አይመጣም።

የአገራችን ሰው ልብስ ገበያ የሚገባው በሌላ በር ነው። ልዋጭ የሚሉት ልጆች በፕላስቲክ ሳህንና በባልዲ ለውጠው ከየቤቱ ይወስዱታል። ወይም ቤተሰብ ቤት ሲለቅ ከሶፋና ከአልጋ ጋር ይሸጠዋል። ወይም ሽማግሌ ሲሞት ወራሾች ያወጡታል። በዚህ በር ከገባ የወጣበትን ቤት የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። የልዋጩን ልጅ አግኝተሽ አናግሪው። ቤቱን ሊያሳይሽ የማይችል ሰው ስሙን ብቻ ቢጠራልሽ ዋጋ አትጨምሪበት። ሸሚዙን ለጊዜው ተይው።

መልስ፦ ልብስ ሰፊው ከመንደራ

ልጄ፣ እኔ ከስፌት መኪና ላይ ሳልነሳ ነው ያረጀሁት። ኮት ዕድሜውን ራሱ ይናገራል፣ የት እንደሚታይ ካወቅሽ።

አንገቱ ላይ ያለው ማርካ የመጀመሪያው ነው፣ ግን በቀላሉ ይቀደዳል። ስለዚህ እዚያ አትቁሚ። ገበሩን ገልብጪና የግራውን ጎን ስፌት ከብብት እስከ ታች በጣትሽ ተከተይው። የፋብሪካ ልብስ ከሆነ እዚያ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ትገኛለች። ብዙ ሰው አያያትም። ቀጥሎ የውስጥ ኪሱን ገልብጪ። በልክ የተሰፋ ሙሉ ልብስ ከሆነ፣ ጥሩ ሰፊዎች የደንበኛውን ስምና ቀን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጽፈው ኪስ ውስጥ ይሰፉታል። የአውሮፓ ሰፊዎች ልማድ ነው።

ጨርቋ ላይ የምታገኚውን ሁሉ ጻፊልኝ። "ምዕራብ ጀርመን" የሚል ካለ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋሐዷ በፊት የተሠራ ነው። "ሶቪየት ኅብረት" ካለ ከ1991 በፊት ነው። የማጠቢያ ምልክቶች፣ የውሃ ገንዳና የካውያ ስዕል፣ ካሉ ወደዚህ ዘመን እየቀረብሽ ነው። አር ኤን የሚል ቁጥር ካለ አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት ነው። በኢንተርኔት ፈልገሽ የማን እንደሆነ ታገኚዋለሽ።

ቁልፎቹንም አንድ በአንድ እያቸው። የታሰሩበት ክር ከኮቱ ክር ጋር አንድ ነው?

የሐሙስ ገበያተኛዋ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግሁ። አንገቱ ላይ ማርካው ተነቅሏል፣ የመርፌ ቀዳዳው ይታያል። የውስጥ ኪሱ ባዶ ነው። በግራ ጎን ግን ነጭዋን ጨርቅ አገኘኋት! 100 ፐርሰንት ፖሊስተር ይላል። የገንዳና የካውያ ስዕል አለ። አር ኤን ቁጥር አለ። ከሥሩ ደግሞ የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል።

የቁልፎቹ ክር ነጭ ናይለን ነው። የኮቱ ክር ጥቁር ነው።

መልስ፦ ልብስ ሰፊው ከመንደራ

ልጄ፣ በድረ ገጹ ነገሩ አለቀ። ጥላሁን ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የነበረው ገና ወጣት ሳለ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ንጉሡ የወረዱት በ1967 ዓ.ም. ነው። ልብስ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ መጻፍ የተጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ኮቱ መጥፎ ኮት አይደለም፣ በ900 ብር አልተጎዳሽም፣ ልበሺው። የተነገረሽ ታሪክ ግን ከኮቱ ይቀድማል።

እኔን የያዘኝ ቁልፉ ነው። አንዱን አዙረሽ ጀርባውን እይልኝ። ክሩን አትበጥሺ።

መልስ፦ ከባሕር ማዶ

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፣ የትውልድ አገሬ ግን እዚያው ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይገኛል። አንድ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2014 ኖርዝ ካሮላይና፣ አሽቪል ውስጥ ከአንድ የበጎ አድራጎት ልባሽ ጨርቅ መሸጫ አሮጌ ሹራብ ገዙ። በኪሎ ተመዝኖ 58 ሳንቲም ብቻ ከፈሉ። ውስጡ "ሎምባርዲ 46" የሚል ጨርቅ ተሰፍቶበት ነበር። ቆይተው ስለ አሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኙ ቪንስ ሎምባርዲ ዘጋቢ ፊልም ሲያዩ ሰውዬው ያንን የመሰለ ሹራብ ለብሶ አዩት። በ2015 በጨረታ ከ43 ሺህ ዶላር በላይ ወጣለት።

እዩልኝ፣ ሻጩ ምንም አላላቸውም። የመሰከረው የተሰፋው ስምና ፎቶው ነው። የታዋቂ ሰው ልብስ የሚፈልግ ሁሉ ይሄንን ቢይዝ ይጠቀማል። ፎቶ ስታወዳድሪ ደግሞ ቀለሙን አትመኚ፣ ብዙ ልብስ አንድ ቀለም ነው። ባለመስመር ወይም ዳማ ጨርቅ ከሆነ መስመሩ ኪሱና ስፌቱ ላይ እንዴት እንደሚገናኝ እዪ። አንዱ ልብስ ሲቆረጥ ከሌላው ጋር በትክክል አንድ አይወጣም።

ወረቀትም ይመሰክራል። ልዕልት ዲያና እ.ኤ.አ. በ1981 የለበሰችው በግ በግ ያለበት ቀይ ሹራብ ነበር። እጅጌው ተበላሽቶ ከቤተ መንግሥት ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ተጻፈ፣ እነሱም ሌላ ላኩላት። የመጀመሪያውን ሹራብ ሠሪዎቹ በ2023 ከጣሪያ ሥር ዕቃ ማስቀመጫ አገኙት። በዚያው ዓመት ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ ያገኘሽውን ነገር ቶሎ አትጠቢ። የአሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ የከርት ኮቤይን ሹራብ እ.ኤ.አ. በ2019 በ334 ሺህ ዶላር ሲሸጥ እሱ ከለበሰው በኋላ ታጥቦ አያውቅም ነበር። እድፍና የሲጋራ ቀዳዳ ሁሉ እንዳለ ነው። ልብሱን ከፎቶ ጋር የሚያገናኘው እድፉና ቀዳዳው ነውና።

መልስ፦ የጅሬን ልጅ

ከዚህ ውይይት ትንሽ ወጣ ልበል፣ ግን ጅማ ውስጥ ሆነን ሳልናገረው አላልፍም።

እዚህ አካባቢ "የአባ ጅፋር ካባ ነው"፣ "ከቤተ መንግሥቱ የወጣ ነው" የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል። ሁለተኛው አባ ጅፋር ጅማን ያስተዳደሩ ንጉሥ ናቸው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ ቆሟል። የግል ዕቃዎቻቸው ጅማ ሙዚየም ውስጥ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከቀረበልሽ "ስንት ነው?" ብለሽ አትጀምሪ። ልብሱን ሳትገዢ ሙዚየም ሄደሽ ያሉትን ዕቃዎች እዪ፣ ባለሙያዎቹን ጠይቂ። እውነት ከሆነ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አንዳንዱ ሰው ለውጭ ገዢ በስልክ ፎቶ ይልካል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተወሰደችው የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ዛሬም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለችው። አንዴ ከወጣ መመለሱ ከባድ ነው።

የሐሙስ ገበያተኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ኮቱ ትንሽ አዝኛለሁ፣ አልደብቅም። አባቴ ቢኖር ብዬ ብዙ አስቤ ነበር።

ጋሼ፣ ቁልፉን አየሁት። ከጀርባው ዙሪያውን ትንንሽ የላቲን ፊደል አለ። በስልክ አጉልቼ አነበብኩት፣ መጨረሻው "ለንደን" ይላል። ስድስቱም እንደዚያ ናቸው።

መልስ፦ ልብስ ሰፊው ከመንደራ

እንዲያ ነው የጠረጠርኩት። የደንብ ልብስ ቁልፍ የሚሠሩ ድርጅቶች ስማቸውንና ከተማቸውን ከጀርባው ይመቱበታል። አንበሳውና ዘውዱ የንጉሡ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከአሮጌ የወታደር ወይም የፖሊስ ልብስ ላይ ነቅሎ አዲስ ኮት ላይ ሰፍቶታል። ታሪኩ "ክብር ዘበኛ" የተባለው ከዚህ ተነስቶ ይሆናል።

እንዳትነቅይው። እንዳለ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው። በብራሶና በሎሚ እንዳታሺው፣ ያ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ሻጩን ስለ ኮቱ መጠየቅ ትተሽ ቁልፉን ከየት አመጣህ በይው። ተቆጥተሽ አትሂጂ፣ ሻይ ጋብዢው።

የሐሙስ ገበያተኛዋ (ከሐሙስ በኋላ)

ሄጄ ነበር። ሸሚዙን አልገዛሁም። አየሁት፣ አንገቱ ላይ ያው ዓይነት የድረ ገጽ ጽሑፍ አለበት።

ቁልፉን ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ። ሻይ ስንጠጣ ነገረኝ። ኮቱ ከቦንዳ የወጣ ነው፣ ቁልፍ አልነበረውም። ቁልፎቹን ከአንድ የልዋጭ ልጅ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የገዛው። ልጁ አግኝቷቸው የነበረው የሞቱ አንድ ሽማግሌ ወታደር ቤት ነው፤ ልጆቻቸው ዕቃ ሲያወጡ። የጥላሁንን ስም ለኮቱ ያወጣው እሱ ራሱ መሆኑንም ነገረኝ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ። 300 ብር መለሰልኝ።

የልዋጩን ልጅም አገናኘኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ሊያሳየኝ ተስማምተናል። ቁልፎቹን ቤተሰቡ የሚፈልጋቸው ከሆነ እመልሳለሁ።

መልስ፦ ልብስ ሰፊው ከመንደራ

ተባረኪ። ስትሄጂ የአባታቸውን ፎቶ እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። ደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱት አይጠፋም። ደረታቸው ላይ ስንት ቁልፍ እንዳለ ቁጠሪልኝ።