በፋይበር የሠራሁት የስኳር ሴንሰር ንባቡ ይዋዥቃል፤ ለጋዝስ ይሆናል?

ፋይበሯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፈሳሽ ውስጥ ያለን የስኳር መጠን በብርሃን የሚለካ ሴንሰር እየሠራሁ ነው። የፕላስቲክ ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) መሃሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል የውጭ ሽፋኑን ልጬ፣ የተላጠውን ክፍል አጥፌ ፈሳሹ ውስጥ ነከርኩት። በአንዱ ጫፍ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ፣ በሌላው ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ) አለ። ስኳሩ ሲበዛ የፈሳሹ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚናገር ቁጥር) ከፍ ይላል። ያኔ ከፋይበሩ ሾልኮ የሚወጣው ብርሃን ይጨምራል፣ የፎቶዳዮዱ ቮልቴጅ ደግሞ ይወርዳል። እስከ 30 በመቶ ድረስ ቆንጆ ግራፍ ሰጥቶኛል።

ችግሩ፣ ያው አንዱ 20 በመቶ ሽሮፕ ጠዋትና ከሰዓት እኩል አይነበብም። ልዩነቱ 1.5 በመቶ ስኳር ያህል ነው። ብርጭቆው የተከደነ ስለሆነ ተንኖ ነው አይባልም። የክፍሉ ሙቀት ግን 5 ዲግሪ ገደማ ይለዋወጣል።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ይህንኑ ሴንሰር አየር ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለካት ልጠቀምበት እችላለሁ?

ቀስተ ደመና፦
ሙቀት ነው፣ አለቀ። ፈሳሽ ሲሞቅ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ ይወርዳል። ቴርሞሜትር ጨምሪና በሶፍትዌር አርሚው።

የቤንች ሰው፦
ቆይ እንጂ ቀስተ ደመና፣ መጀመሪያ እናስላው። ንጹህ ውሃ በ20 ዲግሪ፣ በ589 ናኖ ሜትር ቢጫ ብርሃን ኢንዴክሱ 1.3330 ነው። 10 በመቶ ስኳር ሲገባበት 1.3478 ይሆናል። ስለዚህ 1 በመቶ ስኳር 0.0015 ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ በየዲግሪው 0.0001 ገደማ ይቀንሳል፤ ስኳር ያለበት ውሃ ላይ ትንሽ ይበልጣል። አምስት ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ ስኳር ሲመነዘር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ታዲያ 1.5 ከየት መጣ?

ሌላም አለ። የፋይበሩ እምብርት አክሪሊክ ነው፣ 1.49 አካባቢ። እሱም ሲሞቅ በየዲግሪው ወደ 0.0001 ይወርዳል። ብርሃኑ ሾልኮ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው የፈሳሹና የእምብርቱ ንጽጽር ነው። ሁለቱ አብረው ሲወርዱ ውጤቱ በአብዛኛው ይካካሳል። በመስታወት ፕሪዝም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም፤ የመስታወት ለውጥ ከዚህ በጣም ያንሳል።

ፋይበሯ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከሰዓት ክፍሉ ሲሞቅ ስኳሩ የበዛ ነው የሚመስለው ወይስ ያነሰ?

ፋይበሯ፦
የበዛ። ቮልቴጁ ይወርዳል።

የቤንች ሰው፦
እንግዲያው ፈሳሹ ነጻ ነው። ፈሳሹ ቢሆን ኖሮ ሲሞቅ ኢንዴክሱ ወርዶ ስኳሩ ያነሰ መምሰል ነበረበት። ያንቺ ተቃራኒው ነው። እኔ ኤል.ኢ.ዲውን ነው የምጠረጥረው። ቀይ ኤል.ኢ.ዲ ሲሞቅ ብርሃኑ ይደክማል፤ በየዲግሪው እስከ 1 በመቶ የሚደርስ አለ። ሴንሰርሽ ደግሞ የሚያውቀው የብርሃን መጠንን ብቻ ነው። ብርሃኑ ሾልኮ ይነስ፣ ከምንጩ ይነስ፣ ለእሱ አንድ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፋይበሩን ከፈሳሹ አውጪ፣ እጠቢው፣ አድርቂውና አየር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ይነበብ። አየር ውስጥ ስኳር የለም። ቮልቴጁ ያኔም ከወረደ ጥፋቱ የኤሌክትሮኒክሱ ነው።

ቀስተ ደመና፦
አቅጣጫውን አላየሁትም ነበር። እሺ፣ ይሁን። ግን ፋይበሯ፣ የወርቅ ሽፋን ያለው ፕላዝሞን ሬዞናንስ (ብርሃን በቀጭን ወርቅ ላይ ኤሌክትሮኖችን ሲያወዛውዝ የሚለካ ዘዴ) ለምን አትሞክሪም? ከዚህ በብዙ እጥፍ ያነሰ ለውጥ ይለያል።

ጋሽ ፕሪዝም፦
ልጄ፣ ለስኳር ውሃ ያ ዝንብን በመድፍ ነው። 50 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ወርቅ በፕሪዝም ላይ ይለበጣል፤ ክሬችማንና ሬተር የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳዩት አሠራር ነው። የሚያየው ከወርቁ ገጽ ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ ፕሮቲን ገጹ ላይ ሲጣበቅ ለመከታተል ነው። እዚህ ቢገባ ችግሩ ያው ይሆናል፤ የኢንዴክስ አንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ ልለይ ካልክ የዲግሪ አንድ መቶኛ እንኳ ያስቸግርሃል።

ፋይበሯ፣ ካለሽ ነገር ጋር ቆዪ። ከዚያው ኤል.ኢ.ዲ ብርሃን የሚወስድ ሁለተኛ ፋይበር አድርጊ፣ ይኸኛው አይላጥ። በራሱ ፎቶዳዮድ ይነበብ። የሁለቱን ቮልቴጅ አካፍይ። ኤል.ኢ.ዲው ሲደክም ሁለቱም እኩል ስለሚወርዱ የምታገኚው ውጤት አይነቃነቅም። ሁለቱን ፎቶዳዮዶች ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ሙቀታቸው አንድ ይሁን።

እጥፋቱን በጠንካራ ነገር ላይ ቆንጥጠሽ እሰሪው። ትንሽ ሲላላ ራሱ እንደ ስኳር ይነበባል። የተላጠው ክፍል ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ እዚያ ቦታ ላይ የምትለኪው አየር ነው። ሽሮፕ ደርቆ ከቀረም ያው ነው። ከየንባቡ በኋላ በተጣራ ውሃ እጠቢና ዜሮሽ ወደ ቦታው መመለሱን እዪ። አሴቶን ግን አታስጠጊው፣ አክሪሊኩን ያሟሟዋል።

ፋይበሯ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአየሩን ሙከራ አደረግሁት። ደረቅ ፋይበር፣ ምንም ፈሳሽ የለም፣ ቮልቴጁ ግን ያንኑ ያህል ወረደ። ሁለተኛውን ፋይበር ጨምሬ ሳካፍል ልዩነቱ ከ0.2 በመቶ ስኳር በታች ሆነ። ለእኔ ይበቃኛል። አሁን የጋዙ ጥያቄ ቀርቷል።

የቤንች ሰው፦
የጋዙ መልስ፣ በዚህ ሴንሰር አይሆንም። በዜሮ ዲግሪና በ1 አትሞስፌር አየር 1.00029፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.00045 ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ ተተክቶ ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን እንኳ ለውጡ 0.00016 ነው። ይህ በስኳር ቋንቋ 0.1 በመቶ ገደማ ነው፤ አሁን ከቀረሽ ስህተት ያነሰ። 1 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የዚያ መቶኛ ነው። በዚያ ላይ ፋይበሩ አየር ውስጥ ሲሆን ብርሃኑ ከሞላ ጎደል ታስሮ ስለሚቆይ የውጩ ትንሽ ለውጥ ጭራሽ አይሰማውም።

ለጋዝ ኢንተርፌሮሜትር ነው የሚያዋጣው። ብርሃኑን ለሁለት ከፍለሽ አንዱን በምትለኪው ጋዝ፣ ሌላውን በንጹህ አየር ታሳልፊና መልሰሽ ታገናኛቸዋለሽ። ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይታያሉ፤ ጋዙ ሲለወጥ መስመሮቹ ይሸሻሉ። ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሌዘሩ 633 ናኖ ሜትር ከሆነ፣ 1 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመሩን በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ሩብ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። በዓይን እንኳ ይለያል። ሁለቱ ቱቦዎች ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል ይሁን። የ1 ዲግሪ ልዩነት ብቻውን ከግማሽ በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መስሎ ይታያል።

ጋሽ ፕሪዝም፦
ይህ በማዕድን ማውጫ ውስጥ ሜቴን ለመለካት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ታዲያ መሣሪያው ጋዙን ከማየቱ በፊት ካርቦን ዳይኦክሳይድንና እርጥበትን በሚመጥ ኬሚካል ያሳልፈዋል። ለምን ቢባል፣ ሜቴን 1.00044 ነው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሊለይ በማይችል ደረጃ ይቀራረባል። ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ የሆነ ነገር መለወጡን ይናገራል እንጂ የትኛው ጋዝ እንደሆነ አይናገርም። አየርሽ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?

ፋይበሯ፦
አላውቅም። ተራ ክፍል ነው፤ ሰው ይገባል ይወጣል።

ጋሽ ፕሪዝም፦
እንዲያ ከሆነ ኢንተርፌሮሜትሩንም ተዪው። የሰው ትንፋሽ እርጥበቱም ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። በ4.26 ማይክሮ ሜትር ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ፈልጊ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንን ብርሃን ይውጣል፣ እርጥበቱ ብዙም አያሳስተውም። ፋይበርሽ ለሽሮፑ ይቆይ።